በአቡነ ዘበሰማያት የተለካ መንገድ

ኅዳር ፫፣ ቅዳሜ ማታ

ዛሬም ገመድ ስጎትት ዋልኩ፣ ደብተሬ። ሃያ ሜትር፣ ችካል። ሃያ ሜትር፣ ችካል። ጣልያኑ መሐንዲስ ይጽፋል፣ እኔ እጎትታለሁ። ከደብረ ታቦር ምሽግ እስከ ወንዙ መሻገሪያ የመኪናው መንገድ ዐሥራ ስምንት ሺህ ሜትር ሆነ። ለጣልያን መንገድ የሚለካ ሰው ስሙ ባንዳ ነው። ወንድሜ አያሌውም ያንኑ ብሎኛል። ያን ካለኝ ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም።

አሁን እሱ ምሽጉ ውስጥ ታስሯል፤ ለአርበኞች እህል አቀብለሃል ተብሎ። መሐንዲሱ ሲያወራ ሰማሁት። እስረኞቹ በቅርብ ቀን በመኪና ወደ ጎንደር ይሄዳሉ አለ። ጎንደር ገብቶ የተመለሰ እስረኛ አላየሁም። አያሌው ጎንደር አይገባም። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር ፬፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ጫካ ወረድኩ። አርበኞቹ ጠመንጃ ደገኑብኝ። ባንዳ እግሩ አመጣው ብለው ደስ ብሏቸዋል! አለቃቸው አያ ደምሌ ናቸው ያስጣሉኝ፤ ከአባታችን ጋር ያደጉ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው መሻገሪያው ላይ ውሃው ውስጥ ይንፏቀቃል፤ እስረኞቹን ማስጣል የሚቻለው እዚያ ብቻ ነው። ግን የጣልያን ፈረሰኛ ጧት ጧት ወንዙን ይቃኛል፣ ሰዎቹ እዚያ አድፍጠው መዋል አይችሉም። መኪናው መነሣቱን ሲሰሙ ነው ከጫካ የሚወርዱት። ጭስ ቢጨስ፣ ቀንደ መለከት ቢነፋ፣ ፈረሰኛው ይቀድማል። ስለዚህ መኪናውን በእግር ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።

ከምሽጉ እስከ ጫካው በአቋራጭ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩ። «ምን አላት! አንዲት ቁልቁለት ናት» አሉኝ አያ ደምሌ። እዚህ አገር መንገድ የሚለካው በተናጋሪው ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ያስተማሩኝ መምህር ቢሰሙ ያብዱ ነበር። ርቀት ሌላ፣ ጊዜ ሌላ፤ ርቀቱን ለጊዜው ስታካፍለው ፍጥነት ይወጣል፤ በሉ ድገሙ! ደግመናል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ስመለስ አቋራጩን በእርምጃ ለካሁት። ሰባት ሺህ ሜትር ግድም። መነሻና መድረሻው ያው ሆኖ መኪናው ተራራውን ሲዞር ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። ተስፋ አለ።

ኅዳር ፮፣ ማክሰኞ

ርቀት አለኝ፣ ጊዜ የለኝም። ሰዓት ያለው መሐንዲሱ ብቻ ነው፣ እሱም ከኪሱ አይወጣም። መጀመሪያ የተማርኩት በቤተ ክርስቲያን ነውና መቁጠሪያዬን አወጣሁ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ አንድ ፍሬ። ከእንግዲህ አ.ዘ. እያልኩ እጽፍልሻለሁ።

ትናንት ዕቃ ልናመጣ መሻገሪያው ድረስ በመኪናው ሄድን። መቶ ሃያ አ.ዘ.። ዛሬ አቋራጩን ሮጥኩት፤ ሰባ አምስት! አያ ደምሌ ከጫካ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ቆሜ ሠላሳ ቆጠርኩ። ሲደመር መቶ አምስት። እንቀድማለን። እራቴን በደስታ በላሁ።

ኅዳር ፯፣ ረቡዕ

ደስታዬ አንድ ቀን አላደረም። ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ ስትሮጥ ማን ይቆጥርልሃል አሉኝ። እኔው አልኳቸው። «አየህ ልጄ፣ አንተ ስታለከልክ ጸሎቱም ያለከልካል። የሚቆጥር ሰው ቁጭ ይበል።»

አልዋጥልህ አለኝ። እሳቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጡና እኔ ከታች እስካለው መስክ ሮጬ ጋቢዬን አውለበለብኩ። እርጅና የቅርቡን እንጂ የሩቁን አልነሣቸውም። እኔ ዐሥራ አምስት፣ እሳቸው ሃያ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ አንዱን ጸሎት እየጎተትኩት ኖሯል! እንግዲህ ሰባ አምስቱ መቶ ነው። ሠላሳ ሲጨመር መቶ ሠላሳ። መኪናው በዐሥር አ.ዘ. ቀድሞን ይሻገራል።

ዐሥር! ተናደድኩ። አለቀስኩም።

ኅዳር ፱፣ ዓርብ

ሁለት ቀን በፍጥነት ልሮጥ ታገልኩ። ያተረፍኩት ያበጠ ጉልበት ነው። ትናንት ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን ሳሽ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። ከምሽጉ ተነሥተህ ሩጥ ያለኝ ማን ነው? መነሻውን የመረጥኩት ራሴ ነኝ!

መኪናው ጧት ጧት እኛን ሠራተኞቹን ጭኖ መንገዱ እኩሌታ ላይ፣ ዘጠኝ ሺህ ሜትር ላይ ያወርደናል። ያን ያህል በጣልያን ነዳጅ ልሂድ። የቀረው እኩሌታ ስድሳ አ.ዘ. መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ዛሬ ጧት መኪናው ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ሜዳ ሜዳውን ይበርራል፣ እስከ ሥራ ቦታው ሃምሳ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ጠመዝማዛ ነው፤ ሰባ ይቀረዋል። አማካይ ፍጥነት መንገዱን ሁሉ አንድ ያስመስላል እንጂ አንድ አይደለም።

ከሥራ ቦታው እስከ ጫካው አጭር አቋራጭ አለ። አመሻሹ ላይ በአመመኝ ጉልበት ሮጥኩት፤ በእኔ አፍ ሃያ አራት፣ በየኔታ ልክ ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሲጨመር ስድሳ ሁለት። ስምንት አ.ዘ. ይተርፈናል። ትንሽ ናት፣ ግን የእኛ ናት።

ኅዳር ፲፪፣ ሰኞ፣ ሚካኤል

ታወቀ። ነገ ጧት ነው፤ እስረኞቹ፣ ዕቃውና ሠራተኛው በአንድ መኪና። ለአያ ደምሌ መልእክት ልኬላቸዋለሁ።

ገመዱን ይዤ ከጠመዝማዛው ጀርባ ብሰወር ማንም አይጠረጥርም፤ የዘወትር ሥራዬ ነው። ያ የተሰደብኩበት ገመድ ነገ መሸሸጊያዬ ነው። ገመዱን የሚጎትተው ሲጠፋ ግን ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ወደዚህ ቤት መመለስ የለም።

ፈርቻለሁ። አልክድሽም። ግን እሮጣለሁ።

ኅዳር ፲፫፣ ማክሰኞ፣ ገና ሲነጋ

የኔታ ደጅ። አንቺን እሳቸው ዘንድ ትቼሽ ልሄድ ነው። በመስቀላቸው ባረኩኝ። ለአያሌው በሰው ላስነግረው ወይ አልኳቸው። ፊቱ ያሳብቃል፣ ይቅር አሉ። ልክ ናቸው።

ስለዚህ መኪናው ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ባንዳ ይለኛል። ምናልባት ይተፋብኛል። እስከ ሥራ ቦታው ድረስ ችዬ እቀመጣለሁ፤ አንዲት ቃል አልመልስለትም። ከቻልኩ ዓይኑንም አላይም፣ ዓይኑን ካየሁ እናገራለሁና።