ሐና እግሯን ሳትታጠብ ክፍል ገባች

ጌቴ፣ የኔ ጌታ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሆነ። የመጣ ሁሉ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ሲለኝ ከረመ። እኔ ግን ይሄ ድግስ በየትኛው ቤት እንደተደገሰ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ጠላውም ገና የተጠነሰሰ አይመስለኝም። አትሳቅ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቀልዴ ሁሉ እንዲህ ጎምዛዛ ሆኗል።

ይህን የምጽፍልህ ከሦስተኛ ክፍል፣ ከማስተምርበት ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ነው። ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ውጪ ዝናቡ አላባራም። የእንጅባራን መስከረም ታውቀዋለህ፣ አደዩን በአንድ እጁ ያበቅላል፣ በሌላው በጭቃ ይለቀልቀዋል። ዛሬ ትምህርት ቤታችን ተከፈተ። ልነግርህ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ለሌላ ሰው ብነግረው «አይዞሽ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አይዞሽ መስማት ሰልችቶኛል።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከጓዳው በላይ ያለው ቆርቆሮ እንደምታውቀው ነው፤ «በጋ ሲገባ እደፍነዋለሁ» እንዳልክ ያፈሳል፣ እኔም ባልዲ አስቀምጥለታለሁ። ከጓሮ የተከልከው ድንች ደረሰና ቆፈርነው። ጥሩ ነበር፤ ግን ለማን እንደምቀቅለው ግራ ገብቶኝ ግማሹን ለጎረቤት ሰጠሁ። እናትህ ከዘንገና መጥተው አርባህ እስኪወጣ እኔ ዘንድ ሰነበቱ። እሳቸው በአገውኛ፣ እኔ በአማርኛ እናለቅስ ነበር። ያን ሰሞን አንዳችን የሌላችንን ቃል ሳንሰማ የተግባባነውን ያህል አንተ እያስተረጎምክልንም ተግባብተን አናውቅም። ካፖርትህ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። እንዳወርደው የሚመክረኝ ሰው ብዙ ነው። አላወርደውም።

ትምህርት ቤቱ ግን ያንተው ትምህርት ቤት አይደለም። በተኩሱ ሰበብ አምና የተማርንበት ጊዜ ከተዘጋንበት ያንሳል። ከመምህራኑ ግማሾቹ ወደየዘመዶቻቸው ሄደው በዚያው ቀሩ። አንዳንዶቹን እንኳን ልጠይቃቸው ብል ኔትወርኩ ሲመጣ እነሱ የሉም፣ እነሱ ሲደውሉ ኔትወርኩ የለም። በየገጠሩ ያለው ወላጅም «ልጄን ልኬ ማታ ባትመለስስ?» እያለ ነው። ማን ይፈርድበታል? ርዕሰ መምህሯ ሲስተር አጸደ ግን እንደምታውቃት ናት። «አንድ ልጅም ቢመጣ በሩ ክፍት ሆኖ ሊያገኘው ይገባል» ብላ ለመስከረም ቀን ቆረጠች። ያንኑ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን አሮጌ ጨርቅ ከበሩ በላይ አሰቀለችው። ዳሩ ተቀድዶ ነበር፤ እኔ ሰፋሁት።

ከዚያ ጠራችኝና ያንተን ቦታ እንድይዝ ለመነችኝ። የጌትነት ነገር ከእሱ ጋር እንዲቀበር አልፈልግም አለችኝ።

ያንተ ቦታ። አንደኛ ክፍልን ባስተማርክባቸው ዓመታት ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርት የሚሰጠው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ውጪ በሩ ላይ ነበር። የቀርከሃ በርጩማህን ከዋናው በር ጥግ ታስቀምጣለህ። ዘበኛችን አያ ፈንታ በከሰል ውሃ ያሞቅልሃል። እጅጌህን ሰብስበህ፣ ሳፋውን ከፊትህ አድርገህ፣ ጭቃ እያቦኩ የመጡትን አዳዲስ ልጆች እግራቸውን እያጠብክ ታስገባለህ። በአገራችን እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብለትም፤ ልጅ ደግሞ የትምህርት ቤት እንግዳ ነው ትል ነበር። አማርኛ የማያውቁትን በአገውኛ የእናታቸውን ስም ትጠይቃቸዋለህ። እናታቸውን ሲጠሩ ፍርሃታቸው ይለቅቃቸውና እግራቸውን ራሳቸው ሳፋው ውስጥ ይነክሩታል።

ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ ሚሲዮን ነው፣ ሰፈሩ ደግሞ አፍ አለውና «ጌትነት ካቶሊክ ሆነ» ብሎ አስወራብህ። አንተም ሰንበቴ ላይ ተነስተህ ካቶሊኩ ሳፋው ነው፣ እጄ ግን እንደ አባቴ ኦርቶዶክስ ነው ብለህ ቄሱን ሳይቀር አሳቅሃቸው።

የኔን የመጀመሪያ ቀን ታስታውሳለህ? ከዳንግላ በአዲስ መምህርነት መጥቼ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ በሩ ላይ ስደርስ ተቀመጪ አልከኝ። አዲስ መምህርም እንግዳ ነው አልክ። እምቢ አልኩህ። ኩራት መስሎህ ነበር። ኩራት አልነበረም፤ ካልሲዬ ተረከዙ ላይ ተቀዶ ነበር። አንተ አየኸው፣ አላየሁም ለማለት ቀና ብለህ ሰማዩን ስታይ ቆየህ፤ ሰማዩ ላይ ደግሞ ከዳመና በቀር ምንም አልነበረም። እኔ ያን ቀን ነው ያገባሁህ። ሽማግሌ የላክኸው በኋላ ነው።

አሁን ወደ ታህሳስ ልመለስ፣ መሸሽ ስለማልችል። ሆድህ ሲነፋ እዚህ ያሉት ሐኪሞች ከአቅማችን በላይ ነው፣ ባሕር ዳር ውሰጂው አሉኝ። ሚኒባስ ተኮናትሬ ዳንግላ ደረስን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ቤት፣ ባደግሁበት መደብ ላይ አስተኝቼህ መንገድ እስኪከፈት ጠበቅን። ጎረቤቱ ሁሉ ጠበል ይዞ ይመጣል፣ እኔ የምፈልገው መኪና ነበር። በመጨረሻ አንተው ራስህ ወደ ልጄ መልሺኝ አልክ። መለስኩህ። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ሚኒባሱ ከሰል ለጫነ አይሱዙ መንገድ ሊለቅ ቆመ። ዞር ብዬ ሳይህ ሄደሃል። ለሾፌሩ አልነገርኩትም። እስከ እንጅባራ እጅህን ይዤ፣ እንደተኛህ አስመስዬ መጣሁ። አውርዱት እንዳይለኝ ፈራሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤ ውስጥ ያለው ነገር ሐዘን ብቻ አይደለም ጌቴ። ሐዘንስ ከሰው ጋር ይካፈሉታል። የሚነጋ ነገር ያለ አይመስለኝም። ልጆችን «ስታድጉ ምን ትሆናላችሁ?» ብዬ መጠየቅ አቆምኩ። ዶክተር የሚሉኝ እንደሆነ በየትኛው መንገድ ሄደው ይማሩታል?

እንግዲህ ዛሬ በርጩማህ ላይ ተቀመጥኩ። አያ ፈንታ ውሃውን አሙቆ አቀረበልኝ፣ እንባውንም ሳይደብቅ በጋቢው ጠረገ። ጠበቅን። በፊት ከዘንገና በኩል የሚመጣው ልጅ ድምፁ ቀድሞት ይሰማ ነበር፤ ዛሬ ዝናቡ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከከተማው ጥቂቶች መጡ፤ የአብዛኞቹ እግር ከባጃጅ ስለወረዱ ንጹሕ ነው። ቢሆንም አጠብኳቸው። ከጫግኒ የመጣች አንዲት አዲስ መምህርት አለች፤ የቆላ ልጅ ናትና ብርዱ እያንቀጠቀጣት ተቀመጠች፣ ውሃው ሲነካት እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከቤቷ ስትወጣ እናቷ «የት ትሄጃለሽ?» ብላ በሩ ላይ ተጋድማባት ነበር አሉ። እኔ እግሯን ብቻ አደረቅሁላት። አንተ ብትሆን አንድ ነገር ትላት ነበር።

አሁን ልጅህ። ሐና ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች። ካንተ ጋር የነበራችሁን ውል እኔ ረስቼው ነበር። አጸደ ሕፃናት ሳለች በየዓመቱ አጠገብህ ቆማ የኔንስ እያለች ስትነዘንዝህ፣ ያንቺ ተራ አንደኛ ክፍል ስትገቢ ነው፣ ደግሞ የከተማ ልጅ ነሽ፣ ጭቃ የሌለበት እግር አላጥብም እያልክ ታሾፍባት ነበር። እሷ ግን ሹፈት አልመሰላትም።

ጠዋት አዲሱን ጫማዋን፣ ነጭ ካልሲዋን አድርጌላት ነው ያመጣኋት። ሌላ ልጅ ሳጥብ ዞር ብዬ ብፈልጋት የለችም። ለካ ከበሩ ውጪ ጫማና ካልሲዋን አውልቃ፣ ባጃጆቹ የሚዞሩበት ኩሬ ውስጥ ገብታ ቆማለች። እስከ ጉልበቷ ጨቅይታለች። ልቆጣ አፌን ስከፍት ፊቷን አየሁት። ወደ ዘንገና የሚወስደውን መንገድ እያየች ነበር።

ነይ አልኳት። መጣች። በርጩማው ላይ እኔን ስታይ ቆመች። እግርሽን ስጪኝ አልኳት። «የኔን አባዬ ነው የሚያጥበኝ» አለች፤ ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፣ እኔ ቀኑን እንደተሳሳትኩ ሁሉ በትዕግሥት። መቃብርህ ላይ አብራኝ ቆማለች ጌቴ። አፈር ስትለብስ አይታለች። ታውቃለች። ቢሆንም ቃል ገብተህላታል፤ አንተ ደግሞ ቃልህን አጥፈህባት አታውቅም።

ሲስተር አጸደ መጥታ ለመነቻት። አያ ፈንታ በአገውኛ እንዳንተ አድርጎ የእናትሽ ስም ማን ነው ብሎ ሊያጫውታት ሞከረ። «እናቴ ያቻትና!» አለችው ወደ እኔ እያመለከተች። ከበሩ ጥግ፣ ከዝናቡ ሥር ቆማ ጠበቀች። እኔም አብሬያት ጠበቅሁ። ምን እንደምጠብቅ አትጠይቀኝ፤ ሞኝነቱን አውቀዋለሁ። ውሃው ቀዘቀዘ። አያ ፈንታ ሌላ አሞቀ፣ እሱም ቀዘቀዘ። ደወል ተደወለ። ያን ጊዜ ሐና ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃዋን እየረገጠች፣ ማንንም ሳታይ ገብታ አንተ ታስተምርበት ከነበረው ክፍል የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሲስተር በሰልፉ ላይ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አደረገች። ተስፋ የሚል ቃል ደጋግማ ተናገረች። እኔ አንዱም ጆሮዬ አልገባም።

አሁን ከክፍሏ መስኮት ላይ ሆና ትጠብቀኛለች። አያ ፈንታ ቅድም መጥረጊያውን ይዞ ሊገባ ሲል ከለከልኩት። ከበሩ እስከ ወንበሯ ድረስ የእግሯ ዱካ ወለሉ ላይ ደርቋል። ሌላውን ጥረግ፣ ይህንን ተወው አልኩት። እሺ የኔ ልጅ ብሎ ሄደ።

አልረሳህም ልልህ ነው ወረቀት ያነሳሁት። እኔማ ልርሳህ ብልስ በየት በኩል? የምፈራው ለሷ ነው። ገና ሕፃን ናት። ድምፅህ ይጠፋባታል፣ ፊትህ ይደበዝዝባታል፣ አንድ ቀን ስለ ሳፋው የሰማችው ተረት ይመስላታል። እኔ ግን ያየሁትን ሁሉ፣ የተቀደደ ካልሲዬን ላለማየት ያየኸውን ሰማይ ሳይቀር፣ ለሷ አስቀምጥላታለሁ። በመጪው መስከረም ትምህርት ቤቱ ይከፈት አይከፈት አላውቅም፤ እኛም እንኖር እንደሆነ አላውቅም። ከኖርኩ በርጩማህ ላይ እቀመጣለሁ። የመጣውን አጥባለሁ።

አሁን ልነሳ፣ ልጄ ብርድ ላይ ናት። ቤት ስንደርስ እግሬን እጠቢኝ ብትለኝ አጥባታለሁ፤ ካላለችኝ ግን ጭቃዋን ይዛ ትተኛ። አንሶላው ይቆሽሽ። እኔ አልነግራትም እንደማትመጣ።

ያንተው፣
የሐና እናት