አንድ መረብ፣ ሁለት ጀልባ

ኅዳር 24
ከእህቴ ከቦክሬ ጋር ለብርዱ ወራት የሚሆን ኪምቺ፣ በበርበሬ የሚብላላ ጎመን፣ ስንሠራ ዋልን። የጎመን ክምር እስከ ደጅ፣ በርበሬው እስከ ክርናችን። ረስቼ ዓይኔን ስነካው... ጉድ! እሷ በሳቅ ፈረሰች። "እትዬ፣ በርበሬው ለጎመኑ ነው እኮ!"
ባሎቻችን ነገ ለዓሣ ይወጣሉ። የኔ ማንሲክ በአንዱ ጀልባ፣ የሷ ጉንቴ በሌላው፣ መሃል ላይ አንድ ትልቅ መረብ። ባንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች።
"ሰነፉ በሬ ያንቺ ነው" አልኳት።
"ያንቺ ደግሞ ቀንበሩ ሳይነካው ያለከልካል!"

ኅዳር 27
ነፋስ። የጣሪያው ቆርቆሮ ይጮኻል። ራዲዮው ጀልባ ሁሉ ይመለስ ብሏል... ማን ሰማ? ቦክሬ ልጆቿን ይዛ እኔ ጋ መጣች። ዓሣ ጠበስኩ። አንዱ ወገኑ ሲያልቅ ማንም አልገለበጠውም፤ ዓሣ ከተገለበጠ ጀልባ ይገለበጣል። አጥንቱን አንስተን ከሥሩ በላን። ትንሿ ልጅ እንኳ ታውቃለች።

ኅዳር 29
መጣ! ማንሲክ መጣ! ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩ። ፊቱን ይዤ ሳምኩት፣ በሰው ፊት፣ በዚህ ዕድሜዬ!
"ኧረ ሴትዮ፣ ሰው ያያል።"
"ይይ!"
እየሳቅሁ ዘወር አልኩ። ቦክሬ ከኋላዬ ቆማ ባዶውን ባሕር ታያለች። ሳቄ አፌ ውስጥ ቀረ።
የጉንቴ ጀልባ የለም።

ታኅሣሥ 2
ሳልጠይቀው ነገረኝ። መረቡ ዓሣ ጠግቦ ከብዷል፣ ማዕበሉ ከኋላ ይገባል። ደንቡ ይታወቃል፦ አንዱ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሁለቱም እኩል የመረቡን ገመድ ይቆርጣሉ። አንዱ ብቻ ከቆረጠ ሸክሙ ሁሉ ሌላውን ወደ ታች ይጎትተዋል።
"ነፋህ?"
"ነፋሁ።"
"መለሰልህ?"
"ነፋሱ ይጮህ ነበር... ሠራተኞቼ ውሃው ደረታቸው ደርሶ..."
"ማንሲክ። መለሰልህ ወይ?"
"አልጠበቅሁም።"
ይኸው። ምን ልበለው? ጠብቀህ አብረህ ሙት?

ታኅሣሥ 5
ቦክሬ ፊት ተንበረከከ። እኔም ከጎኑ። ሁሉንም ነገራት። ብትጮህ በወደድኩ... አልጮኸችም።
"ጀልባህ ላይ ስንት ነበራችሁ?"
"ስምንት።"
"እንግዲያ በስምንት ቤት ተስቋል። ደግ። ጉንቴን ግን አውቀዋለሁ፤ እሱ ጠብቆሃል።"
ከዚያ ወደኔ ዞረች። "እትዬ፣ ይዘሽው ውጪልኝ።"

ጥር 19
ከኛ ጋር መረብ የሚጎትት ጠፋ። አንዱን ካፒቴን ሄጄ ለመንኩት።
"እመቤቴ፣ ማንሲክ ጎበዝ ነው። ግን እኔም ሚስት አለችኝ" አለኝ።
እንዲህ ሆኖ ማንሲክ ቤት ዋለ።
ዛሬ ጠዋት ቦክሬ በደጃችን አለፈች። ቀና ብላ አታየንም። ማንሲክ ከውስጥ አስነጠሰ፣ ያንን ቤት የሚያናጋ ማስነጠሱን። እግሯ ቆመ። መሬት መሬት እያየች ትንሽ ቆየች... ሄደች።
እህቴ ናት። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው አለቀስኩ። እሱ እንደገና አስነጠሰ። ምን ይሻለኛል... የሚያስነጥስ ባል ስላለኝ ደስ አለኝ።