የእማ ቆርቆሮ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ቅርንፉዱን ደጅ አሰጣሁ። የሚና ዶሮዎች መጥተው በተኑት። ሚና ጎረቤታችን ናት። ዶሮዎቿንም አትከለክል፣ አፏንም አትከለክል።

«ቦኪ፣ አንቺ ልጅ፣ ዶሮ ማባረር እንኳ ያቅትሻል?»

ዝም አልኩ። ሁልጊዜ ዝም። መልሱ የሚመጣልኝ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው።

ከሰዓት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ፤ በኛ አገር ክረምት የሚገባው በጥቅምት ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል። እኔ ግን ደስ ይለኛል። አያቴ አንድ ጠብታ ሳይነካት ተኝታ ዋለች። ጣሪያው ሣር በነበረ ጊዜ ሦስት ድስት ደቅነን ነበር የምናድረው። እማ ማሌዥያ ሄዳ ዘንባባ እርሻ ሥራ ገብታ ቆርቆሮውን ካስገዛችልን ወዲህ ድስት ለወጥ ብቻ ሆነ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ በኋላ ሁላችሁም አደባባዩ ላይ ተቀመጡ ተባለ። ከከተማ የቱሪዝም ቢሮ ሰው መጥቷል። ጥቁር መነጽር፣ ነጭ ጫማ። ጭቃው ላይ በጣቶቹ ጫፍ ነበር የሚራመደው።

መንደራችን «የቅርስ መንደር» ሊባል ነው አለ። እንግዶች ከባሕር ማዶ ይመጣሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ። ችግሩ ሦስት ቤቶች ቆርቆሮ ለብሰዋል። «ያብለጨልጫል። ፎቶውን ያበላሻል።» ስለዚህ ተነሥቶ እንደ ጥንቱ ሣር ይሁን።

ሚና እጇን አወጣች። «እንግዶቹ እዚህ ነው የሚያድሩት?»

«ሆቴል ተይዞላቸዋል እናቴ፣ ከተማ።»

«የሆቴሉ ጣሪያ ሣር ነው?»

ሰው ሳቀ። ሰውየውም አብሮ ሳቀ፣ በምን እንደተሳቀ ሳይገባው።

አጎቴ ዶናቱስ ግን አልሳቀም። የእማ ታላቅ ወንድም ነው። የኮሚቴው ሊቀመንበር አድርገውታል፣ አንገቱን በእሺታ ሲነቀንቅ ዋለ። የሱ ቤት ከመንደሩ ውጭ፣ መንገድ ዳር ነው። ሲሚንቶ። ጣሪያው ቆርቆሮ። እሱ ፎቶ ውስጥ አይገባማ!

ከሦስቱ ቤቶች አንዱ የኛ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ስልክ የሚይዘው ኮረብታው ጫፍ ካለው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ወጣሁ። እማን አገኘኋት።

«ማን ነው ይነሣ ያለው?»

«አጎቴ።»

 ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ...

«ስሚ ቦኪ። ያንን ቆርቆሮ ለመግዛት ጀርባዬ ምን እንደሆነ አጎትሽ አያውቅም። ቤት የሴት ነው። ሳይጠይቁ አይነኩትም። ሊጠይቁ ይመጣሉ። አያትሽ ማንም ቢመጣ ግቡ ነው የምትለው፣ ማን እንደሆነም አትለይም። እኔ የለሁም። የቤቱ አፍ አንቺ ነሽ።»

«እሺ እማ።»

«እሺ አትበይ። አይሆንም በይ። እስቲ በይው።»

አልኩት። ነፋስ ነበር።

«አልሰማሁሽም» አለች። መስመሩ ተቋረጠ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መጡ።

አባባ ሎንጋ፣ የጎሣው ሽማግሌ፣ ከፊት። አጎቴ ከጎኑ። በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔ ከበሩ ጀርባ ተንበርክኬያለሁ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ሽማግሌው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። የቤቱ ሴት ከውስጥ አይሆንም ካለች ተነሥተው ይሄዳሉ። ሦስቴ ተጠይቆ ድምፅ ካልተሰማ ቤቱ ተስማምቷል። ይህን ያወጣው ማን ይሆን? መናገር የማይቸግረው ሰው መሆን አለበት።

«ቤታችን፣ ጣሪያሽን እንንካው?»

አየር ሳብኩ።

«ቤታችን፣ ጣሪያሽን እንንካው?»

ከንፈሬ ተከፈተ። አጎቴ አሳለ። አውቀዋለሁ ያንን ሳል። ትንሽ ልጅ ሆኜ ሰው ፊት ስናገር እንደዚያ ነበር የሚያስለው፤ ዝጊ ማለት ነው። ተዘጋሁ።

ሦስተኛውን ሲጠይቅ አያቴ ነቃች። «ማነው? ግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?»

«ቤቱ ተስማምቷል» አለ አጎቴ፣ ከሽማግሌው ቀድሞ።

አባባ ሎንጋ ቶሎ አልተነሣም። የጠበቀኝ መሰለኝ። ኋላ ምርኩዙን ይዞ ተነሣ።

አንዲት ቃል። አንዲት! የሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ የሚላት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አወረዱት። ሚስማሩ ሲነቀል ጮኸ፣ እኔ ያልጮህኩትን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ሳምንቱን ሙሉ ሣር አጨዳ። የሣሩ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። መዳፌ ተሰነጣጥቋል፣ እርሳሱንም በሁለት ጣት ነው የያዝኩት። ወንዶቹ ማገሩ ላይ ተቀምጠው «አምጡ፣ አምጡ» ይላሉ። ከየት እናምጣ? ድሮ ሣር የነበረበት ተራራ ሁሉ ቅርንፉድ ተተክሎበታል። እንደ ጥንቱ ይሁን ያለው ሰውዬ ይህን ሳያይ ነው እንደ ጥንቱ ይሁን ያለው።

ሣሩ ሳስቷል። ከላይ ጉልላቱ የሚቀመጥበት ገና ክፍት ነው፣ ላስቲክ ጣል አድርገውበታል። ዛሬ ዘነበ። የአያቴ ምንጣፍ ረጠበ። ወደ ጥግ ጎተትኳት፣ እዚያም ያፈሳል። ሦስቱም ድስቶች ተደቀኑ።

አጎቴን ጠየቅኩት፣ ቆርቆሮው የት ነው ብዬ። በቀስታ።

«ደህና ቦታ ነው ያለው።»

ደህና ቦታ ማለት ምን ማለት ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አገኘሁት።

ከመንገዱ በታች፣ ከቀርከሃው ጀርባ፣ አዲስ ሽንት ቤት ተሠርቷል። ለእንግዶች። ነጭ መቀመጫ፣ መስተዋት፣ በሩ ላይ ጓጉንቸር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝገት እንዳይበላው ብለን ቀይ ቀለም የቀባነው እኔና እማ ነን፣ ለእረፍት መጥታ ተመልሳ ልትሄድ ሰሞን። ጥግ ላይ የመዳፌ ምልክት አለ፣ ሳይደርቅ ነክቼው እማ የተቆጣችኝ። እዚያው አለ። ሽንት ቤት ላይ።

ቆሜ ሳይ አጎቴ መጣ። ቁልፉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ምን ታያለሽ?»

«ምንም።»

«እንግዳ ዝናብ እየመታው አይቀመጥም። ነውር ነው። የመንደሩ ክብር ነው ይሄ።»

አያቴስ? አያቴስ ዝናብ እየመታት ትተኛለች? አላልኩትም። ምንም ነው ያልኩት። ሁለት ጊዜ ነው የሰጠሁት ማለት ነው፣ ያኔ በዝምታ፣ ዛሬ በምንም።

ይህን ስጽፍ እርሳሱ ሁለቴ ተሰበረብኝ። ፍርሃት መስሎኝ ነበር። ፍርሃት አይደለም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

አያቴን አተኩሷታል። ሳሏ ከሆዷ ነው የሚወጣው። ቅዳሴ ቀረሁ።

ሚና የዶሮ ሾርባ ይዛ መጣች። ቅርንፉዴን ከሚበትኑት አንዷን አርዳ ነው። ሽንት ቤቱን ነገርኳት። ማንኪያውን አስቀመጠች።

«የእናትሽን?»

«የእናቴን።»

«አያትሽ እዚህ በዝናብ ትታጠባለች፣ የፈረንጅ ቂጥ እዚያ ይደርቃል።»

ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ልቅሶ ሄደ። ሚና አገጬን ያዘችኝ።

«ጉልላቱ ገና አልወጣም አይደል? ያለ ቤቱ ፈቃድ ጉልላት አይወጣም። እንደገና ሊጠይቁ ነው። ያን ቀን እንግዶቹም ይኖራሉ፣ የቢሮው ሰውዬም ይኖራል።»

«ድምፄ ባይወጣስ?»

«ሽንት ቤቱን አስቢ። ይወጣል።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ተለማመድኩ። አሳማዋን «አይሆንም» አልኳት። ምግቧን የከለከልኳት መስሏት መንደሩን በጩኸት አናወጠችው። እሷ ትችልበታለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

ረፋዱ ላይ መጡ። እንግዶቹ በሁለት መኪና። የቢሮው ሰውዬ ነጭ ጫማውን አድርጎ። ሁላችንም ጥቁር ሽርጣችንን እንድንታጠቅ ታዝዟል። አጎቴ ራሱ ላይ ጨርቅ አስሮ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጉልላቱ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፣ ወጣቶቹ መሰላሉን ይዘዋል። እኔ ውስጥ ነኝ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ያው ቦታ። አያቴ ከኋላዬ ታስላለች።

«ቤታችን፣ ጉልላትሽን እናውጣው?»

ምንም።  አምላኬ፣ እንደገና...

«ቤታችን፣ ጉልላትሽን እናውጣው?»

አጎቴ አሳለ።

እሱ ባያስል ኖሮ ዝም ብዬ የምቀር ይመስለኛል። ያንን ሳል ስሰማ አፌን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠጋሁ።

«አይሆንም።»

ቀጭን ነበር። ግን ወጣ።

 «ማነው የተናገረው?» አለ አባባ ሎንጋ።

«እኔ ነኝ። ቦኪ።»

«ቤቱ ምን ይላል?»

«ቆርቆሯችን ሽንት ቤት ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ይመለስ። ሣሩን ከላዩ ክደኑበት፣ ፎቶ ላይ አይታይም። ያለዚያ ጉልላት አይወጣም።»

ይህን ሁሉ እኔ ተናገርኩ። ትንፋሽ ሳልወስድ።

«ተዉት፣ ልጅ ናት» አለ አጎቴ። «አያቷ ታማባት ተጨንቃ ነው። አውጡት።»

«ቆይ» አለ አባባ ሎንጋ። «ያን ጊዜ ዝም ስትል ቤት ነበረች። ዛሬ ስትናገር ልጅ ሆነች?»

 የቢሮው ሰውዬ «ምንድን ነው ችግሩ? እንግዶቹ ቆመዋል» ሲል ይሰማኛል።

«ችግሩ ሽንት ቤት ነው ጌታዬ» አለች ሚና።

ጉልላቱን መሬት አስቀምጠው ሄዱ። እንግዶቹ መሬት ላይ ያለውን ጉልላት ፎቶ አነሡት።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ድል መስሎኝ ነበር። ምን ድል ነው? ቆርቆሮው አልመጣም። ጣሪያው እንደተከፈተ ነው። አጎቴ ሊያደክመኝ ነው። አይሆንም ያልኩት እኔ፣ ዝናቡ የሚወርደው አያቴ ላይ። ጨክኜባታለሁ? ሚና ቤት እንውሰድሽ ብንላት የበሩን መቃን ይዛ አለቀሰች። ላስቲኩን ከላይዋ ወጥሬ ይዤላት ዋልኩ፣ ክንዴ እስኪዝል።

ምንጩ ጋ ደግሞ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። «አሳልፏት፣ የቤቱ አፍ መጣች።» ሳቅ። «እንግዶቹን ያባረረችልን።» እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

አመሻሽ ላይ አጎቴ ብቻውን መጣ። ድምፁ ለስልሷል። «ቦኪዬ፣ እሺ በይኝ፣ ነገ ጠዋት ይዘጋል። አያትሽ ትሙት ነው የምትይው?»

ይኼኛው ከቅዳሜው ይከብድ ነበር። ሽማግሌ የለ፣ ሰው የለ። እኔና እሱ፣ የአያቴም ሳል።

«አይሆንም፣ አጎቴ» አልኩ።

ሲሄድ መሬቱን ተፋበት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ዛሬ ጠዋት መሰላሉን ተሸከምኩ። ማንንም አላማከርኩም። ሚና አይታኝ መዶሻ ይዛ ተከተለችኝ፣ ከኋላዋ ደግሞ ምንጩ ጋ ከሳቁት ሴቶች ሁለቱ። ለምን እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም። አሁንም ተናድጄባቸዋለሁ። መጡ ግን።

ሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ድሮ ቢሆን በዚያ ብቻ እሞት ነበር። ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ሴቶቹ ከታች ይቀበላሉ።

አጎቴ እየሮጠ ደረሰ፣ ቁልፉ ደረቱ ላይ እየዘለለ።

«ውረጂ! ማን ፈቀደልሽ?»

ሚና ናት የመለሰችለት። «ሽንት ቤቱን ጠየቅነው። ሦስት ጊዜ። ዝም አለ።»

ከመንገዱ ላይ ሳቅ ፈነዳ። አባባ ሎንጋም ቆሟል፣ ምርኩዙ ላይ ተደግፎ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አጎቴ ሳቁን ዞሮ አየ። ሊናገር አፉን ከፈተ። አሳለ። ማንም ዝም አላለም።

ቆርቆሮውን አናታችን ላይ ተሸክመን አደባባዩን አቋርጠን ገባን።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

አባባ ሎንጋ ጠይቆኝ፣ እሺ ብዬው፣ ጉልላቱ ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ። ቆርቆሮው ከሥር፣ ሣሩ ከላይ። ዝናቡ አሁን ድምፁ ታፍኗል፣ እንደ ድሮው አያደነቁርም። አያቴ ሳሉ አለቀቃትም፣ ገንፎ ግን ትቀምሳለች። እማ ጋ ደውዬ ነገርኳት። ምን አልሽው፣ ምን አልሽው እያለች ሦስቴ አስደገመችኝ።

ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። ይወጣል ብዬ ነበር። ያ ሁሉ ዝናብ አያቴን የመታው ለፎቶ ነው።

ከሰዓት አጎቴ መጣ። ሁለት እንግዶች መንገድ ዳር አቁሟል። አሮጊቷን ቤቷ ውስጥ ማየት ይፈልጋሉ፣ ሳሏም ምንም አይላቸውም አለ። በረንዳው ላይ አልወጣም። ደጅ ቆመ።

«ቦኪ፣ እንግባ?»

አልመለስኩም።

«ቦኪ... እንግባ?»

አያቴን ቀና አድርጌ ውኃ አጠጣኋት። አፏን ጠረግኩላት። መልሼ አስተኛኋት።

ሦስተኛውን ለመጠየቅ ፈራ፤ ዝምታዬ እሺታ እንዳልሆነ አሁን ያውቃል። ጥላውን በበሩ ሥር አየዋለሁ፣ እግሩን ይቀያይራል።

«ተኝታለች» አልኩት በመጨረሻ። «ነገ መጥተህ ጠይቅ።»