የጨፌ ሸኚዎች

ሰኞ

መጣ! የገበያ ቀን ሳይሆን መኪና መጣ። ገመቹ የሚባል የጊንጪ ሹፌር አባዱላውን በፒስታው እያንገጫገጨ ጨፌ ድረስ አመጣና «ይህን ሳምንት ልሞክራችሁ። ሰው ካለ በየቀኑ እመላለሳለሁ፤ ከሌለ ቅዳሜ ቅዳሜ ይበቃችኋል» አለ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው። መኪናው ከቀጠለ ዓርብ ከክፍል ወጥቼ አምቦ፣ ሰናይትና ልጃችን ዘንድ አድራለሁ። ካልቀጠለ፣ ቅዳሜ ብሄድ ለሰኞ ክፍል የሚመልሰኝ የለምና፣ እንደ እስከ ዛሬው ትምህርት ሲዘጋ ብቻ የሚመጣ ባል ሆኜ እኖራለሁ።

ሾላው ሥር የወጣው ሕዝብ ብዛት! ገመቹ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። በሩን ሲከፍት አዴ ጫልቱ ብቻ ገቡ፣ ከነዶሮአቸው። ሌላው ሊሸኛቸው ነው የወጣው። እዚህ ጊንጪ ለሚሄድም ውጭ አገር ለሚሄድም ስንብቱ አንድ ነው።

ማክሰኞ

ዛሬም ሕዝቡ ወጣ፤ የተሳፈረው ግን ሁለት ሰው ነው። ሹፌሩ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«ባርሲሳ» አለኝ፤ አስተማሪ ማለቱ ነው። «ለመሆኑ እዚህ ቀበሌ ስንት ሰው ነው ያለው?»

እንደ ጉዳዩ ነው አልኩት። ማዳበሪያ ሲታደል በጣም ብዙ ነን። ለልማት ሥራ ሲጠራ ግን ጨፌ ሰው ኖሮባት አያውቅም።

አልሳቀም። «እኔ የምጭነው ቂጥ ነው፤ እጅ ማወዛወዝ ነዳጅ አይሆነኝም።»

ከሰዓት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። የለም። ሰናይት ቁልፍ ስትፈልግ ቦርሳዋን ደጃፍ ላይ የምትዘረግፈው ነገር አለ። ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን ያ ኮሽታ ይናፍቀኛል።

ረቡዕ

ሽማግሌውን ኦቦ ቶሎሳን አማከርኳቸው። ሕዝቡ መሸኘቱን ትንሽ ቢቀንስስ? ሹፌሩ ብዛታችንን እያየ ይጎመጃል፣ ከዚያ ባዶውን ይመለሳል።

«ሰው እንደ ጆንያ ብቻውን ይጫን ነው የምትለው?»

«አይ ኦቦ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም።»

«ጎረቤቴ ሲሄድ እቤቴ ቁጭ ብዬ ልየው?»

ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ እዚህ ላይ ምንም አልጠቀመኝም። እሳቸው ግን «ታዲያ ሸኚው ለምን ከዚህ ይመለሳል? ጊንጪ ድረስ ይሸኝ እንጂ!» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም።

ሐሙስ

አንድ ታማሚ ጊንጪ ጤና ጣቢያ ሄደ። አባዱላው ጢም ብሎ ሞላ። ሁሉም ከፈለ፣ ሁሉም ሸኘ፣ ሁሉም በዚያው መኪና ተመለሰ። ሰውየውን ያመመው ጥርሱን ነበር። ገመቹ «ሌላ የታመመ የላችሁም?» ሲል ሰማሁት።

ደስታዬ ያሳፍራል። ግን ሰው ጎረቤቱን እየከፈለ የሚሸኘው እስከ መቼ ነው? ይህን ለማንም አላልኩም።

ዓርብ

ደወል ሲደወል ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ። መኪናው ሞልቷል።

«ማን ሊሄድ ነው?» አልኩ።

«አንተ ነሃ!» አሉ ከውስጥ። ሊሸኙኝ ነው። ለእኔ የሚሆን ቦታ ግን ማንም አላስቀረም። ገመቹ ትርፍ አልጭንም አለ። አዴ ጫልቱ «እንግዲያው ባርሲሳ ነገ ይሂድ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በመጨረሻ ኦቦ ቶሎሳ ወረዱልኝ። «እኔ ከዚሁ ሸኘሁህ» አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ግን ያስታውቃል።

ጊንጪ መናኸሪያ ሁሉም ተራ በተራ አገላብጠው ሳሙኝ። የአምቦው መኪና ተሳፋሪዎች ምን ያህል ሩቅ እንደምሄድ እያሰቡ አዘኑልኝ።

ሰናይት በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን ሆነህ ነው? ማን ሞተ?»

ሳይታሰብ የመጣ ባል መልካም ዜና ሊሆን እንደሚችል ከረሳን ቆይተናል።

«ማንም። መኪና አለ።»

«መኪና አለ?» እጄን እንደያዘች እዚያው በሩ ላይ ቆመች። «ታዲያ በሚቀጥለውም ዓርብ ትመጣለህ?»

«አዎ» አልኳት። የጨፌ ሰው መሸኘት ካልሰለቸው፣ የሚለውን ዋጥኩት።