እህቴን ከተጠባባቂ ወንበር እንዲያስነሱልኝ ለሻምፒዮኑ ክለብ ፕሬዚዳንት

ለተከበሩ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ክለብ ፕሬዚዳንት፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነትና በስድስተኛው ዋንጫ ደስታ ላይ እንዲሆኑ እመኛለሁ። በተለይ ለወገብዎ ጥንካሬ እመኛለሁ፤ በየዓመቱ ወደዚያው መድረክ ወጥቶ ያንኑ ዋንጫ ማንሳት እንደሚያደክም ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን የኖረ ሰው አያጣውም። እኔ ከስፖርት አዳራሹ ፊት ለፊት ማልያና ጫማ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። በቡድንዎ ተጠባባቂ ወንበር ላይ፣ ከዳር ሁለተኛ፣ ጃኬቷን እስከ አንገቷ ዘግታ የምትቀመጠው ተጫዋች ታናሽ እህቴ ናት። ፊቷን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ውሏን ግን እንደማይረሱት አውቃለሁ።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው። ጉዳዩ አጭር ነው። የቀድሞ ክለቧ እህቴን መልሶ ሊወስዳት ይፈልጋል፤ እሷም መሄድ ትፈልጋለች፤ የጎደለው የእርስዎ መልቀቂያ ብቻ ነው። የዝውውር ጊዜው የፊታችን ዓርብ ይዘጋል። ዓርብ ካለፈ አንድ ዓመት ሙሉ ትቀመጣለች፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ተጫዋች ደግሞ የምትጥለው ዓመት የላትም። ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በየተራ አቀርባለሁ፤ ሁለቱ ቢደባለቁብኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ንግዴን ስላቀለሉልኝ አመሰግናለሁ። ሌላ ሊግ ውስጥ ያሉ ነጋዴዎች የሻምፒዮኑን ማልያ ለማሳተም የፍጻሜውን ጨዋታ ይጠብቃሉ ይባላል። እኔ ከአራተኛው ዋንጫ ወዲህ «ሻምፒዮን» የሚለውን ጽሑፍ የማሳትመው ውድድሩ ሳይጀመር ነው፤ አንድም ቀን አላሳፈሩኝም። ያልጠበቅሁት ነገር ቢኖር የገዢዎቹ ጠባይ ነው። የቆየ ደንበኛዬ የሆነ ባለታክሲ ዘንድሮ ማልያውን አንስቶ አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው። «የአምናው ቤት አለ፤ ምኑ ይለያል?» አለኝ። ይህ ሰው ከልጁ ጋር አንድም ጨዋታ የማያመልጠው ነበር። አሁን ተሳፋሪዎቹን አዳራሹ በር ላይ አውርዶ፣ ጨዋታው ሳይጀመር መኪናውን አዙሮ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ስለ ግዢ ችሎታዎ ነው። እህቴ የጨዋታ አደራጅ ሆና በቀድሞ ክለቧ ስትጫወት፣ ሦስተኛውን ዋንጫዎን ልታስቀርብዎ የቀራት አንዲት ቅርጫት ብቻ ነበረች። በዚያው ክረምት ገዟት። ሻምፒዮኖቹ ፈለጉኝ ብላ ቤት ስትገባ እናታችን ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ይኸው ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከወንበሩ የምትነሳው ለማጨብጨብ ነው። ከእሷ ግራና ቀኝ የተቀመጡትም እንደ እሷ በሆነ ዓመት እርስዎን ያስደነገጡ ልጆች ናቸው።

እኔ እንደ ነጋዴ ይህ አይጠፋኝም። ዕቃ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው አለ፤ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ እንዳያገኘው ብቻ የሚገዛም አለ። ሁለተኛው ዓይነት በእኛም ገበያ ሞልቷል፤ ነገር ግን እሱ እንኳ አልፎ አልፎ መጋዘኑን ከፍቶ ዕቃውን ያናፍሰዋል። ሰው ሳይነካ ሲከማች ምን እንደሚሆን የማየው ቤታችን ነው። እህቴ ከጨዋታ ስትመለስ እናታችን ማልያዋን ለማጠብ ትቀበላትና በእጇ ትዳስሰዋለች። ደረቅ ነው። ከታጠበው ልብስ ጋር አጥፋ ታስቀምጠዋለች። «እንዴት ዋላችሁ?» ብላ መጠየቅ ከተወች ቆይታለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ዘንድሮው ፍጻሜ። ተጋጣሚዎ የእህቴ የቀድሞ ክለብ ነበር። ልዩነቱ ከመስፋቱ የተነሳ ከእኔ ጎን ያሉት ሰዎች ለመሄድ ጃኬታቸውን ለብሰው ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ አሠልጣኙ እህቴን አስገባት፤ ኳሷም እጇ ላይ ደረሰች። በዚህ ጨዋታ ማንም ያልጻፈው ጨዋነት እንዳለ እርስዎን ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል። አሸናፊው ከተለየና ሰዓቱ ሊያልቅ ከተቃረበ፣ የሚመራው ቡድን ኳሱን ይዞ ይቆማል፤ ተሸናፊዎቹም ማሳደዱን ይተዋሉ፤ ይጨባበጣሉ። እርስዎ ግን ከክብር ወንበርዎ ተነስተው በእጅዎ «ወርውሪ» የሚል ምልክት ሰጧት። አንድ ቅርጫት ቢጨመር በፍጻሜ ታሪክ ትልቁ ልዩነት እንደሚሆን ጋዜጠኞች የነገሩን በማግስቱ ነው። እኔ ከላይ ሆኜ አየሁዎት፤ እሷም አይታዎታለች። ኳሷን ደረቷ ላይ አቅፋ ደወሉ እስኪደወል ቆመች። የቀድሞ አምበሏ መጥታ ከነኳሱ አቀፈቻት።

ሱቅ ስዘጋ የዋልኩበትን የመጻፍ ልማድ አለኝ። የዚያን ቀን የጻፍኩት «ዛሬ ተጫወተች» የሚል ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከቡድኑ ጋር እንዳትለማመድ ታግዳለች። ብቻዋን መጥታ እንድትሠራ ተፈቅዶላታል፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ግን ኳስ እንዳይሰጣት ታዟል። ስለዚህ የክለብዎ ተጫዋች ባዶ ሜዳ ላይ ባዶ እጇን ትሮጣለች። አንድ ቀን ልወስዳት ሄጄ ከበሩ ላይ አየኋት። እጇ ያለ ኳስ የማንጠር እንቅስቃሴውን ይሠራል። ሳልጠራት ውጪ ጠበቅኋት።

አራተኛ፣ ለቡድን መሪዎ ትሕትና ምስጋና ይድረሳቸው። ስደውል ስልክ ያነሱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ትሸጧታላችሁ ወይ አልኳቸው። «አንሸጣትም» አሉኝ። ልታሰልፏት ነው ማለት ነው ስላቸው እንደዚያም እንዳላሉ አረሙኝ። ታዲያ ለምን እንደምትፈለግ ብጠይቅ «ለማንኛውም ትኑርልን ብለን ነው» አሉ። ሰው ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሲነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለ ትርፍ ጎማ ግን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ይሸነፉ አልልም። የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲወስዱ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ተጫዋቾቹ እዚሁ ሜዳ ላይ ያሳደጓቸው ልጆች ነበሩ፤ ማን እንደሚያሸንፍ እስከ መጨረሻው ትንፋሽ አላወቅንም፤ ጨዋታው ሲያልቅ የማላውቀውን ሰው አቅፌ ጮኼአለሁ። እርስዎም ያለቅሱ ነበር። ያን ዋንጫ ማንም አይወስድብዎትም። የምለምንዎ ከዓርብ በፊት አንድ ፊርማ ነው፤ ለእርስዎ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ለእሷ ግን የቀራት ዕድሜ ሁሉ ነው።

ለታላቅነትዎ እጅ እየነሳሁ፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለመደርደሪያዎ ስፋት፣ ለጭብጨባ ላልቦዘኑ ተጠባባቂዎችዎ ሁሉ ጽናትን እየተመኘሁ፣ ከልብ በመነጨ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የከዳር ሁለተኛዋ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስል የቡድን መሪዎ ቤታችን ድረስ መጡ። መልቀቂያው እንደሚሰጥ፣ ነገር ግን እህቴ በቀድሞ ክለቧ ስትሰለፍ ከእርስዎ ክለብ ጋር በሚደረግ ጨዋታ ሁሉ እንደማትገባ አስቀድማ መፈረም እንዳለባት ነገሩን። እህቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ይፈሩኛል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሰውየው ብዕሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። አልፈረመችም። ቢሆንም በሦስት ዓመት ውስጥ ከክለብዎ ያገኘችው የመጀመሪያው አድናቆት ይህ ስለሆነ፣ በቤተሰቡ ስም እግዜር ይስጥልን።