ሐምበሪቾን እኔም ሣልሁት

ይድረስ ለልጄ ለአክሊሉ፤ ጌታ በሰው አገር ሞገስ ይሁንህ፤ ብርዱንም ያቅልልህ። እኛ እዚህ አንጋጫ ደህና ነን። እንሰቱ አምሯል፤ አባትህም ከጉንፋኑ ተሽሎታል። አንተ ግን ደረትህን ሳትሸፍን እንዳትወጣ።

የዘይት ቀለሙን ለእኔ ሳይሆን ለአክስትህ ለጣቢታ መላክህ አንገብግቦኛል። ተራራችንን ሐምበሪቾን ሣለችበት፤ የምታስተምርበት ትምህርት ቤትም ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ጎን ሰቀለላት። እሑድ ከጸሎት ስንወጣ ሰው ሁሉ እርሷን ከቦ ሲያደንቅ፣ እኔ ታላቋ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ቤቷ ሄጄ፣ «አስተምሪኝ» አልኋት።

«እታለም፣ በዚህ ዕድሜሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

እንዳልሰማ ሆኜ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የሣልሁት ተራራ የጭድ ክምር መሰለ። «ሩቁን ሰማያዊ ጨምረሽ አደብዝዢው፤ ቅርቡን አድምቂው» አለችኝ። ፍቄ ደግሜ ሣልሁት። ጉሙ ጠዋት ከገደሉ ሲነሣ እንደማየው አድርጌ ነጩን በስሱ ሳስኬድበት፣ ተራራው ከሸራው ላይ ብድግ አለ። ጣቢታ ጠጋ ብላ አየችውና፣ «ይህን እኔ አላሳየሁሽም» አለች። ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ትቆልፍብኛለች። በመቅናቷ ደስ አለኝ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ሌላ ሥዕል ሥላ ልትልክልህ ነው አሉ። የእኔም ሲደርቅ ይመጣልሃል። ልጄ፣ የእርሷን አትናቅባት፣ ታዝናለች፤ በሩ አጠገብ ስቀልላት። የእኔን ግን፣ እባክህ፣ ከራስጌህ አድርገው።

ጠብቆ ያሳደገህ አምላክ ጠብቆ ይመልስህ።

እናትህ አስናቀች