የማይሰማ ድምፅ አይሠራም ላሉት ዋና ዳይሬክተር

ለክቡር አቶ ገሠሠ
የባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እስካሁን እንደነበረው ያልተረበሸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ያላስገባሁት በንቀት አይደለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከለቡ መብራት ኃይል እስከ ጎፋ የሚወራብዎትን እርስዎ ብቻ ስላልሰሙት፣ በአደባባይ ብጽፈው ይደርስዎታል ብዬ ነው።

አምሳለ እባላለሁ። በማዕከልዎ ስድስት ዓመት በተመራማሪነት ሳገለግል፣ ኮሪደር ላይ በተገናኘን ቁጥር ሻይ እንዳመጣልዎ ያዝዙኝ ስለነበር ስሜን ላያውቁት ይችላሉ። ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ፀጉር ከቆዳ የሚነቀለው በኖራና እጅ በሚልጥ ኬሚካል መሆኑ፣ ያንን የሚያብረቀርቅ ጫማዎን ሲያጠልቁ ትዝ አይልዎት ይሆናል። እኔ ከአፈር ባገኘሁት ባክቴሪያ ያመረትኩት ኢንዛይም ግን፣ ለዘብ ያለ አልትራሳውንድ ሲታከልበት፣ ያንኑ ሥራ ያለ ኖራ በሦስት ሰዓት ይጨርስ ነበር፤ ድምፁ ኢንዛይሙን ወደ ቆዳው ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ያግዘዋልና። በአንድ ቆዳ ፋብሪካ የኖራ ክፍል አሥራ አራት ዓመት የሠሩት የፉሪዋ ወይዘሮ አሰገደች ለሙከራ መጥተው ያለ ጓንት እጃቸውን ገንዳዬ ውስጥ ሲነክሩ አላቃጠላቸውም። እጃቸውን እያገላበጡ ሲያለቅሱ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ሰኞ ፋብሪካው ውስጥ ሊሞከር፣ ከተሳካም የኖራው ክፍል ሊዘጋ ነበር። እርስዎ ዓርብ ደረሱለት።

ሁለተኛ፦ ዓርብ እንግዶች ይጎበኙናል ተብሎ የመንገዱ ጠርዝ ቀለም ሲቀባና አበባ ከነማሰሮው በውሰት ሲመጣ፣ የተበላሹት መሣሪያዎች ሳይቀሩ መብራታቸው እንዲበራ አዘዙ። የእኔው መሣሪያ ዘንድ ደርሰው በድምፅ እንደሚሠራ ሲያስተዋውቁ፣ እንግዶቹ ጆሯቸውን ቢያስጠጉ አንዳች አልሰሙም። ድምፁ ከሰው ጆሮ በላይ መሆኑን ላስረዳ ብሞክርም የሚያዳምጠኝ አላገኘሁም፤ በሩ ላይ የነበረችው የጥበቃ ውሻ ግን ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ነበርና፣ በዚያ ቀን ሳይንሱ የገባት እሷ ብቻ እንደነበረች መመስከር እወዳለሁ። እርስዎም የማይሰማ ነገር አይሠራም ብለው፣ ኢንዛይሙ ይሞታል እያልኩ ስለምንዎት፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት እንደሚባለው የኃይል ማዞሪያውን በገዛ እጅዎ እስከ መጨረሻው አዞሩት። መሣሪያው ጮኸ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። በጭብጨባው ሞቅ ብሎዎት አጠገቡ ቆመው ግማሽ ሰዓት ስለ ፈጠራ ሲናገሩ፣ ገንዳው ሞልቶ እንዲታይ በአንድነት ያስገለበጡት፣ በስምንት ወር ያመረትኩት ኢንዛይም ሁሉ ግሎ፣ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ረጋ።

ሦስተኛ፦ ባክቴሪያው ካለ እንደገና ይመረታል የሚል ተስፋ ነበረኝ። ይህንንም አስቀድመው አስበውበት ኖሯል። ንግግርዎ እስከ አጥሩ እንዲሰማ ሞንታርቦ ሲያስገቡ መሰኪያ ጠፋና፣ በትእዛዝዎ የነቀሉት ባክቴሪያው የተቀመጠበትን የማቀዝቀዣዬን ገመድ ነበር። መልሶ መሰካት የማንም የሥራ ድርሻ ስላልነበረ፣ ሰኞ ጠዋት ስከፍተው የሦስት ዓመት ልፋቴ ሸትቶ ጠበቀኝ። ያን ጠዋት ጠላሁዎት፤ ይህን በትሕትና የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁም።

አራተኛ፦ ፋብሪካው ዳግመኛ ወሬ እንዳናመጣበት አሳስቦ ወደ ኖራው ሲመለስ፣ እኔን ደግሞ ንብረት በማበላሸትና በእንግዳ ፊት አለቃን በማስተባበል ጥፋት አሰናበቱኝ። የስንብት ደብዳቤው አንድም የፊደል ስህተት አልነበረበትም። በማዕከላችን ታሪክ እንከን የሌለው የምርምር ውጤት እሱ ነውና እንኳን ደስ ያለዎት።

ዕድሜና ሹመት ይጨመርልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ተቀምጠውባቸው ከዓይኔ የሚሰወሩባቸውን ከፍ ያሉ ወንበሮች ሁሉ አምላክ እንዲያዘጋጅልዎ እየለመንኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞ ተመራማሪዎ
አምሳለ
ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ አሰገደች ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ሊያወጡ ሄደው ነበር። ኖራው የጣታቸውን አሻራ ጨርሶ ስለበላው ማሽኑ አሥሩንም ጣት አላነብም አለ፤ መዝጋቢውም አዝኖ፣ ከሚያውቃቸው ኃላፊ ደብዳቤ እንዲያመጡ ነገራቸው። እርስዎ ደብዳቤ መጻፍ ይችሉበታልና፣ «እኚህ ሴት ሰው ናቸው፤ እጅም ነበራቸው» ብለው ይፈርሙላቸው።